ተርኪ ከኦቨን ከወጣ በኋላ ስንት ደቂቃ ማረፍ አለበት? (ለገና፣ አዳማ)

ናፍቆት ዘአዳማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ለገና ተርኪ (ዶሮ የሚመስል ትልቅ ወፍ) ልንጠብስ ነው። የሚመጣው ከቢሾፍቱ ነው፤ ታርዶ ሆድ ዕቃው ሲወጣ 6 ኪሎ ገደማ ይሆናል ብለውኛል። ሐሳቡ የእህቴ ነው። የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። አሜሪካኖቹ ተርኪ የሚበሉበት ታንክስጊቪንግ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል፤ ያኔ አብዛኛውን ጊዜ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ስለዚህ እሷና ጓደኞቿ ተርኪውን ለገና ማድረግ ለምደዋል።

አጠባበሱን እሷ ታውቃለች። ያልተስማማነው ከኦቨን ከወጣ በኋላ ባለው ነገር ነው። እሷ «40 ደቂቃ ማንም አይነካውም» ትላለች። እማዬ ደግሞ እንግዳ ተቀምጦ፣ ማዕዱ ተዘርግቶ፣ ምግብ ሲቀዘቅዝ ቆሞ ማየት አይዋጥላትም። ምሳ 7 ሰዓት ላይ ነው። የምቆርጠው እኔ ነኝ። እውነት ማረፍ አለበት? ካለበትስ ስንት ደቂቃ?

ነጭ ኮፍያ፦

እህት ናፍቆት፣ አዎ ማረፍ አለበት። ለ6 ኪሎ ተርኪ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጥሩ ነው። ከ20 ደቂቃ በታች ግን አትውረጂ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ከመቆረጡ በፊት 20 ደቂቃ ይቀመጥ ነው የሚለው። እኔ እዚሁ አዳማ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ትልልቅ ጥብስ ስናወጣ የሚያርፍበትን ሰዓት የምንቆጥረው ከማብሰያው ሰዓት ጋር አንድ ላይ ነው።

እናትሽ ይቀዘቅዛል ብለው መስጋታቸው ልክ ነው። ግን ሙሉ ተርኪ እንዲህ በቀላሉ አይቀዘቅዝም። 40 ደቂቃ ቆይቶ ስትቆርጪው እንኳ ከውስጡ እንፋሎት ይወጣል። የሚቀዘቅዘው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስስ ስስ ተደርጎ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ የተደረደረ ሥጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ሙሉውን አሳርፊ፣ ሳህኖቹን አሙቂ፣ ከቆረጥሽ በኋላ ግን ቶሎ ወደ ገበታ አቅርቢ።

አቀማመጡም ለውጥ አለው። የተጠበሰበት ትሪ ውስጥ፣ ጭማቂው ላይ አትተዪው፤ የታችኛው ቆዳ ይርሳል። የሽቦ ፍርግርግ ካለሽ እሱ ላይ፣ ከሌለሽ ሰፊ መክተፊያ ላይ አውጪው። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ምንም አትሸፍኚው። ከዚያ ፎይል ከላይ ጣል አድርጊበት እንጂ ጠርዙን አጥብቀሽ አትጠቅልዪው። ከጠበቀ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ያን ሁሉ ሰዓት የጠበስሽው ቆዳም ይለሰልሳል።

ማጀት፦

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ዶሮ የማውቀው ከድስት ወደ ገበታ ነው። ጥብስም ቢሆን ሸክላው ላይ እየተንጨረጨረ ሲቀርብ ነው የሚጣፍጠው። ማንም አሳርፎ ሲያቀርብ አላየሁም። ታዲያ ይሄ ወፍ ምን የተለየ ነገር አለው? ለመከራከር አይደለም፣ ለመረዳት ነው።

ቤተ ሙከራ፦

እማማ፣ ጥያቄዎ ዋናውን ነገር ነው የነካው። የምግብ ምህንድስና ስለተማርኩ የማውቀውን ልበል።

ዶሮ ወጥ ላይ ብልቱ አስቀድሞ ወጥቷል። ከሥጋው የሚወጣው ጭማቂ ወዴትም አይሄድም፤ ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ በእንጀራ ይበላል። ጥብሱም ቀድሞ ተከትፎ ነው እሳት የሚያየው። ተርኪው ግን ሙሉውን ነው የበሰለው፣ ቢላ የሚያርፍበትም መጨረሻ ላይ ነው። ትኩሱን ከቆረጡት ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይቀራል።

የሚያርፍበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከኦቨን ሲወጣ መብሰሉን አያቆምም። ውጭው ከውስጡ በጣም ስለሚሞቅ ሙቀቱ ወደ መሃል መግባቱን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ትልቅ ወፍ ከወጣ በኋላ ውስጡ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ሁለተኛው፣ ጭማቂው ተራ ውሃ አይደለም። ከሥጋው የሟሟ ፕሮቲንና ጄላቲን አለበት። ትኩስ ሳለ ቀጭን ነው፣ ትንሽ በረድ ሲል ይወፍራል። የአጥንት ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር እንደሚረጋው ማለት ነው፤ በእርግጥ ተርኪው ያን ያህል አይረጋም። የወፈረ ጭማቂ በቢላ ሲነካ ቶሎ አይፈስም።

ብዙ ቦታ «ጭማቂው ከእሳት ሸሽቶ ወደ መሃል ይሄዳል፣ ሲያርፍ ተመልሶ ይሰራጫል» ተብሎ ይጻፋል። ይህን አልቀበለውም። ሙቀት የሥጋውን ክሮች ያኮማትርና ውሃውን ይጨምቀዋል እንጂ ውሃው አምልጦ የሚደበቅበት መሃል የለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ማረፍ ከመጠን በላይ የበሰለውን አያድንም። ደረቱ 80 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ሰዓት ሙሉ ብታሳርፉት ደረቅ ነው። ሰው ሁሉ በደቂቃ ላይ ሲከራከር የሚረሳው ይሄንን ነው። ዋናው ጥያቄ ስንት ደቂቃ ይረፍ ሳይሆን ስንት ዲግሪ ላይ ይውጣ ነው።

ናፍቆት ዘአዳማ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እህቴ የሥጋ ቴርሞሜትር ይዛ ትመጣለች፤ ግን የሚያነበው በፋራናይት ነው። ስንት ላይ ላውጣው? የት ጋ ነው የምወጋውስ?

ነጭ ኮፍያ፦

ለዶሮ ዘር ሁሉ ደህንነቱ የተረጋገጠው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በእህትሽ ቴርሞሜትር 165 ማለት ነው። ሁለት ቦታ ለኪ። አንዱ የደረቱ ወፍራም ቦታ፣ ሌላው የጭኑ ውስጠኛ ክፍል። ጫፉ አጥንት እንዳይነካ ተጠንቀቂ፤ አጥንት ከነካ የምታነቢው የሥጋውን ሙቀት አይሆንም።

እኛ ደረቱ 71 ወይም 72 ሲል እናወጣዋለን፣ ቀሪውን በእረፍቱ ይጨርሳል። ግን ቴርሞሜትሩን እዚያው እንተዋለን፤ 74 መድረሱን በዓይናችን ሳናይ አንቆርጥም። ካልደረሰ ወደ ኦቨን ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠብሺ ከሆነ 74 ላይ ማውጣትም ይበቃል። ጭኑ 80 ቢደርስ አትደንግጪ። ጅማት ስላለው እንዲያውም ይለሰልሳል።

ቆዳው ቡናማ ስለሆነ በስሏል ማለት አይደለም። የሚፈሰው ጭማቂ መጥራቱም ብቻውን አያስተማምንም።

ሶደሬ መንገድ፦

ኦቨኑን አጥፍቶ እዚያው ውስጥ ማሳረፍስ? እኛ ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ እንዳይቀዘቅዝ።

ነጭ ኮፍያ፦

ወንድሜ፣ እሱ ማሳረፍ ሳይሆን ማብሰል ነው። የጠፋ ኦቨን ለረጅም ጊዜ ይግላል። ደረቱን የሚያደርቀው ያ ነው። ውጭ ይውጣ። እንግዳ ዘግይቶ ረጅም ሰዓት መጠበቅ ግድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ሥጋው ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ማቆየት ይቻላል።

ዶሮ አርቢ፣ ቢሾፍቱ፦

ሁላችሁም የተከራከራችሁት ስለ ሁለተኛው እረፍት ነው። የመጀመሪያውን የጠየቀ የለም።

ናፍቆት፣ ተርኪው መቼ ነው የሚታረደው? የገና ዕለት ጠዋት አርደሽ የዚያኑ ቀን ኦቨን ካስገባሽው፣ ከኦቨን በኋላ የፈለግሽውን ያህል ብታሳርፊው ሥጋው ይጎተታል። ማንኛውም ከብት ወይም ወፍ ከታረደ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይገተራል። ከዚያ ራሱ ቀስ ብሎ ይለቃል። ተገትሮ ሳለ እሳት ካየ እንደዚያው ይቀራል። ዶሮ ወጥ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፣ ምክንያቱም ወጡ ቀስ ብሎ ለብዙ ሰዓት ነው የሚሠራው። ጥብስ ላይ ግን ጥርስ ያውቀዋል።

ተርኪ ትልቅ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ገና ታኅሣሥ 29 ከሆነ 27 ጠዋት ይታረድ። ክንፉንና ጭኑን ወዝወዝ አድርገሽ ያለ ችግር ከተንቀሳቀሰ ለቋል ማለት ነው።

ለሚያርደው ሰው ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ቆዳው አይገፈፍ። እኛ አገር ዶሮ ሲታረድ ቆዳውን መግፈፍ ልማድ ነው። ለጥብስ ግን ላባው በሙቅ ውሃ ተነጭቶ ቆዳው ሙሉ መቅረት አለበት። ያለ ቆዳ ደረቱ እሳቱን አይችለውም።

የቀዘቀዘ ፍሮዝን የምትገዙ ደግሞ በረዶው እስኪለቅ ፍሪጅ ውስጥ ለየ2 ወይም 2 ኪሎ ተኩል አንድ ቀን ቁጠሩለት። 6 ኪሎ ወደ ሦስት ቀን ይፈልጋል።

ናፍቆት ዘአዳማ፦

ይህን በጊዜ ስለነገርከኝ በጣም አመሰግናለሁ። 28 ማታ ላሳርደው ነበር ያሰብኩት። ወደ 27 አዛውረዋለሁ።

ማጀት፦

ዶሮውም ቢሆን ዋዜማውን ነው የሚታረደው፣ ቀኑ አይከፋኝም። ጾም ላይ ሆነን አርደን አጥበን ስናድር የኖርን ሰዎች ነን። የገረመኝ ስለ ማጠቡ ማንም አለማንሳቱ ነው። በሎሚና በጨው ውሃው ጥርት እስኪል ያልታጠበ ዶሮ እኔ ቤት ድስት አይገባም።

ቤተ ሙከራ፦

እማማ፣ የእርስዎን ጥንቃቄ አከብራለሁ። ግን የአሜሪካም የእንግሊዝም የምግብ ደህንነት ተቋማት ጥሬ ዶሮ አታጥቡ ነው የሚሉት። ምክንያቱ ውሃው ሲረጭ ጀርሙን ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ልብስ ያደርሰዋል። የሚገድለው 74 ዲግሪው ነው። ሎሚና ጨው ጠረኑን ይቀይሩታል እንጂ ያን ሥራ አይሠሩም።

ካልታጠበ አልበላም የሚል ሰው ካለ፣ በሚፈስ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠብ። አጠገቡ የሚበላ ነገር አይኑር። ሲንኩና ጠረጴዛው ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። ለተርኪው ደግሞ ዋናው ነገር ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጥርግ ተደርጎ መድረቁ ነው። እርጥብ ቆዳ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ዋዜማውን ለየ2 ኪሎው አንድ የማይሞላ የሾርባ ማንኪያ ጨው ቆዳውንም ውስጡንም አሽታችሁ፣ ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ጨው ያደረ ሥጋ ሲበስል ውሃውን በተሻለ ይይዛል። ይህ ከኦቨን በኋላ ካለው እረፍት የማይተናነስ ጥቅም አለው።

ማጀት፦

ሳፋው ይስማማኛል። እኔ እንደሆነ ቅቤ እጨምርበታለሁ። ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ንጥር ቅቤ ከቆዳው ሥር ቢገባ ምን ይለዋል?

ነጭ ኮፍያ፦

በጣም ጥሩ ነው እንጂ! ንጥር ቅቤ ውሃው ስለወጣለት ቆዳውን አያረጥበውም፣ ቶሎም አያርም። በጣትዎ ደረቱ ላይ ያለውን ቆዳ ቀስ ብለው ከሥጋው ያላቁትና ከሥሩ ይቀቡት። በርበሬ ብቻ ከላይ አያድርጉበት። በዚያ ሁሉ ሰዓት ያርና ይመራል። በርበሬውን ለሶሱ ያቆዩት።

የወንጂ ልጅ፦

ሁለት የአዳማ ነገር ልጨምር። አንደኛው ነፋሱ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የኛ ከተማ ነፋስ የታወቀ ነው። ተርኪውን ክፍት መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ካሳረፋችሁት እማማ የፈሩት ይደርሳል፤ ከላይ ይቀዘቅዛል፣ አቧራም አለ። ከኦቨኑ አጠገብ፣ መስኮት በተዘጋበት ይቀመጥ።

ሁለተኛው መብራት። መሃል ላይ ቢጠፋስ? የበዓል ቀን ሁሉም ሰው ምድጃ ላይ ነው።

ነጭ ኮፍያ፦

መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ከጠፋ የኦቨኑን በር አትክፈቱ። ሙቀቱ ተይዞ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ በቴርሞሜትር አረጋግጡ። መጀመሪያው ላይ ከጠፋና ቶሎ ካልመጣ ግን ግማሽ የበሰለ ወፍ ለሰዓታት ለብ ብሎ እንዳይቀመጥ። ጋዝ ኦቨን ያለው ጎረቤት ወይም የሰፈር ዳቦ ቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ዳቦ ቤቶች የበዓል ዳቦ ለሰው ስለሚጋግሩ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ናፍቆት ዘአዳማ፦

በ40 ደቂቃው እረፍት እኔ ምን ልሥራ? አቆራረጡንስ ብታሳየኝ? ዶሮ ብልት ማውጣት ከእማዬ ተምሬያለሁ፣ ይሄ ግን ገዘፈብኝ።

ነጭ ኮፍያ፦

መጀመሪያ ሶሱ። ትሪው ላይ የቀረውን ጭማቂ በብርጭቆ ገልብጪው፣ ስቡ ከላይ ሲንሳፈፍ አብዛኛውን ቅጂው። ትሪውን ምድጃ ላይ አድርገሽ ትንሽ ሽንኩርት አቁላዪ፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ፣ ጭማቂውንና ትንሽ መረቅ አፍስሺበት። የተጣበቀውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ ፋቂው፤ ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነው። እናትሽ የሚወዱት ከሆነ አዋዜ እዚህ ይግባ። ተርኪው ሲያርፍ መክተፊያው ላይ የሚጠራቀመውንም ጭማቂ አትድፊው፣ መጨረሻ ላይ ሶሱ ውስጥ ጨምሪው። ሶሱ ሲቀርብ የሚፈላ ይሁን። በረድ ያለውን ሥጋ የሚያሞቀው እሱ ነው።

አቆራረጡ። ብልት ማውጣት ካወቅሽ ከባዱን ታውቂያለሽ። በቢላ ከመጫን በፊት መገጣጠሚያውን ፈልጊ። ጭኑና ደረቱ መሃል ያለውን ቆዳ ሰንጥቂ፣ ከዚያ ጭኑን በእጅሽ ወደ ውጭ ገፋ አድርጊው። መገጣጠሚያው ብቅ ይላል። ቢላውን እዚያ ክፍተት ላይ አሳልፊ፤ ለመቁረጥ ጉልበት ከጠየቀሽ አጥንት ላይ ነሽ ማለት ነው፣ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ በዪ። ሁለቱም ጭን ከወጣ በኋላ ክንፎቹን እንደዚያው።

ደረቱን እዚያው አጥንቱ ላይ እያለ ስስ ስስ አድርገሽ አትላጪው። መሃል ላይ ያለውን የደረት አጥንት በጣትሽ ዳስሺ። ቢላውን ከአጥንቱ ጎን አስጠግተሽ ከላይ ወደ ታች፣ አጥንቱን እየተከተልሽ ውረጂ። ግማሹ ደረት ሙሉውን ተላቆ እጅሽ ላይ ይቀራል። መክተፊያው ላይ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከዚያ አግድም የጣት ውፍረት እያደረግሽ ቁረጪ። እያንዳንዱ ቁራሽ ላይ ቆዳ ይኖራል፣ ክሩም አጭር ስለሚሆን ጥርስ ላይ ይለሰልሳል። ቢላው ዋዜማውን ይሳል። በደነዘዘ ቢላ የተቆረጠ ሥጋ ይጨመቃል፣ ያሳረፍሽበት ጥቅም ሁሉ እዚያ ላይ ይጠፋል።

ናፍቆት ዘአዳማ፦

እንዲህ አቅጄዋለሁ። 27 ይታረዳል፣ 28 ጨው ገብቶ ያድራል። 29 ጠዋት 2፡30 ላይ ኦቨን ይገባል፣ ሙቀቱ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ይወጣል፣ 6፡45 ላይ እቆርጣለሁ፣ 7 ሰዓት ገበታ። ይሆናል?

ነጭ ኮፍያ፦

ሰዓቱ ጠቦሻል። 6 ኪሎ ተርኪ ሆዱ ውስጥ ምንም ሳይሞላ በዚያ ሙቀት ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከ45 ይፈልጋል፤ አንቺ ረጅሙን ነው ልክ በልክ የያዝሽው። ኦቨን ደግሞ ከኦቨን ይለያል። 2 ሰዓት ላይ አስገቢው፣ ከ4፡45 ጀምሮ ለኪ። ቀድሞ ቢደርስ ምንም አይደለም፤ ፎይል ጣል ተደርጎበት አንድ ሰዓት ቢቀመጥም ውስጡ ይሞቃል። ከዘገየ ግን የምትቀንሺው ከእረፍቱ ሰዓት ላይ ነው፣ ሰው ተርቦ ቆሞ ማን 40 ደቂቃ ይጠብቃል?

ቤተ ሙከራ፦

ገበታ ከተነሳ በኋላም ሰዓት ቁጠሩ። የበሰለ ሥጋ ከኦቨን ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። ለፋሲካ የምትጠብሱ የአዳማ ሰዎች ይሄኛውን ያዙ። የተረፈው ከአጥንቱ ተለይቶ በሰፋፊ ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፣ በ3 ወይም 4 ቀን ውስጥ ይበላ።

ሶደሬ መንገድ፦

ተርኪ ላላገኘን ሰዎችስ? እኛ የበግ ታፋ ሙሉውን ነው የምንጠብሰው። ያው ነው ሕጉ?

ነጭ ኮፍያ፦

ያው ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ያጥራል። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ለሚሆን የበግ ታፋ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ለሙሉ የበግ ሥጋ ዝቅተኛው 63 ዲግሪ ሆኖ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማረፍ ነው፤ ግን እኛ አገር ሮዝ የሆነ ጥብስ የሚወድ ጥቂት ነው፣ 70 አካባቢ አውጣው። በግ ላይ ቆዳ ስለሌለ ፎይሉን ከመጀመሪያው ጣል ብታደርግበት አይጎዳም።